ይድረስ ለልጆች መጽሐፍ ሰዎች፦ አንድ ረባሽ ስጡን

ይድረስ፦ በአማርኛ ለልጆች ለምትጽፉ፣ ለምትስሉና ለምታሳትሙ ሁሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አንድ ረባሽ ልጅ እንዲጻፍልን ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ እንደተጠቀሰው... ኧረ ይቅር። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ከቀጠልኩ እንደ መጽሐፎቻችሁ መጨረሻዬ ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል። እንደ ሰው ላውራችሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ሰባት። ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ አንድ መጽሐፍ አዟሪ መጣና እስከ አገጩ ከከመረው ቁልል ውስጥ ሦስት የልጆች መጽሐፍ መዝዞ ሰጠኝ። ገዛሁ። ማታ ከእራት በኋላ ልጄን ጎኔ አስቀመጥኩና የመጀመሪያውን ገለጥኩ። አንድ ልጅ አለ። እናቱ "ዛፍ ላይ እንዳትወጣ" ትለዋለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ልጄ እያዛጋ "እማዬ፣ ይወጣል። ከዚያ ይወድቃል። ከዚያ እጁ ይሰበራል። ከዚያ ይቅርታ ይጠይቃል" አለኝ።

ወጣ። ወደቀ። እጁ ተሰበረ። ይቅርታ ጠየቀ።

ሁለተኛውን አነሳን። ይሄኛው ውሸታም ልጅ ነው። "ማንም አያምነውም፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቃል።" አሁንም ልክ። ሦስተኛው ላይ ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝና በከረሜላ ተወራረድን። እኔ ጸሐፊውን አምኜ "ይሄኛውስ አይጠይቅም" አልኩ። ተበላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመጽሐፉ እንወራረዳለን፣ በየመጽሐፉ እበላለሁ፣ የልጄ ጥርስ ቢበላሽ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ቅር እንዳይላችሁ፣ ሥራችሁን ንቄ አይደለም። ወረቀት በምን ዋጋ እንደሚገዛ፣ ማተሚያ ቤት ምን እንደሚጠይቅ ዳር ዳሩን እሰማለሁ፣ በዚህ ላይ ለልጆች በአማርኛ መጻፍ ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በመጽሐፎቻችሁ ውስጥ ያሉት ልጆች ከየት መጡ? የማን ልጆች ናቸው? ጠዋት ያለ ቀስቃሽ ይነሳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ቁርሳቸውን አመስግነው ይበላሉ፣ ጓደኛቸውን መንገድ ላይ ሲያገኙት "ውድ ጓደኛዬ ሆይ፣ እንዴት አደርክ?" ይሉታል። እኔ ሆይ ብሎኝ የሚያውቅ ጓደኛ የለኝም። የእኔ ጓደኛ "አንቺ ጥርሰ ወላቃ" ነበር የሚለኝ፣ እኔም መልሼ የማልጽፈውን እለው ነበር። ዛሬም እንወዳደዳለን።

እነዚያ ልጆች ደግሞ ካጠፉ አለቀላቸው። አንድ ሙዝ ሰርቆ የበላ ልጅ እኮ ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ይገባል! አያቱን ያልታዘዘ ጅብ ይመጣበታል። በመጨረሻው ገጽ ታች ደግሞ "ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?" የሚል ጥያቄ ተቀምጧል፣ ከሥሩም መልስ መጻፊያ ሦስት መስመር። ልጄ አንዱ ላይ "ሙዝ ስትሰርቅ ሁለት አድርገህ አትብላ" ብሎ ጻፈ። እኔ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ደብዳቤ ከየት እንደመጣ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን ደወል እንጨት ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ዘበኛው በብረት ይመታዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ አልወጣ አለን። እኔ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅና ከኋላችን የምትቀመጠው ልጅ ተጠቃቀስን። ሽንት ቤት ብለን በየተራ ወጣን። ዘበኛው ከበር ላይ ቡና ይጠጣል። ብረቱ ቸርኬው ሥር ተቀምጧል። ማን አነሳው የሚለውን እስከ ዛሬ አልናገርም፣ ብቻ ተነሳ፣ ቸርኬው ተመታ፣ እና ገና አርባ ደቂቃ እየቀረ ያ ሁሉ ተማሪ ደብተሩን አንጠልጥሎ እየጮኸ በበሩ ፈሰሰ። መምህራኑም አብረው ወጡ። የእኛ መምህርማ ከአንዳንዱ ተማሪ ቀድመው ነበር የወጡት፣ ይሄንን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ዩኒት ሊደሩ ሦስታችንንም ሰልፍ ላይ አስወጡንና ያቺን የምታስፈራ ቃል ተናገሩ። ወላጅ አምጡ።

ወላጅ አምጡ የተባለ ልጅ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው እውነቱን ለቤት መናገር ነው፣ እሱ አይታሰብም። ሁለተኛው ትምህርት ማቋረጥ። ሦስተኛው ወላጅ መከራየት። ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጪ ሎተሪ የሚያዞሩ፣ ኮትና ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ግርማ ሞገሳቸው የዳኛ የሆነ ሰውዬ ነበሩ። ሦስታችን ኪሳችንን አራግፈን ሁለት ብር ከምናምን ሳንቲም አዋጣንና ያቺ ከኋላችን የምትቀመጠዋ፣ ከሁላችንም ምላሷ የምትፈታው እሷ ስለነበረች፣ ሄዳ አስረዳቻቸው። ሰውዬው ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና "የማን አጎት ልሁን?" አሉ። ዕጣ የእኔ ወጣ።

ቢሮ ገባን። አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ምን ሆኑ መሰላችሁ? ሚናውን አመኑበት! "አንቺ ነሽ እኔን የምታዋርጂው! አባትሽ ይሄንን ሳያይ በመሞቱ!" ብለው ጆሮዬን አጣመሙት። አባቴ ቤት ቁጭ ብሎ ሬዲዮ እየሰማ ነው። የምር አባቴ እንኳን ጆሮዬን እንደዚያ አጣሞት አያውቅም። አለቀስኩ፣ የምር ለቅሶ ነው፣ ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው "ይብቃት፣ ይብቃት" እያሉ ገላገሉኝ። ነገሩ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ከኮታቸው ኪስ ጥቅሉን አወጡና "ነገ የሚወጣ ነው፣ አንድ ልስጥዎት?" አሉ።

ዩኒት ሊደሩ ዝም ብለው አዩዋቸው። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው "እርስዎ ባለፈው ወር የስድስተኛ ለ ልጅ አጎት አልነበሩም እንዴ?" አሉ።

ፀጥ አለ። ያኔ በሩ ላይ የቆመው አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "አዎ ጋሼ፣ እኛ ሁላችንም ዘመዳሞች ነን" አለ።

ሦስት ቀን ግቢ ጠረግን። ሎተሪውን ግን ገዝተዋቸዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሄው ነው ታሪኩ። ከዚህ ምን ተማርኩ? ሎተሪ አዟሪ አትከራይ። ሌላ ምንም። ግን ያንን ሦስት ቀን ያህል የሳቅኩበት ጊዜ የለም፣ መጥረጊያ ይዘን አንዳችን "አባትሽ ይሄንን ሳያይ" ስንል ሌላው መሬት ላይ ይንከባለላል። ብረቱን ማን እንዳነሳ ሲጠይቁንም ማንም አልተናገረም። አሳባቂ አልነበረም በመሃላችን። እኔ ጓደኝነት የሚባለውን ነገር ያወቅኩት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው፣ ዳቦ ቆርሶ ስለመካፈል በሚናገር ምንባብ አይደለም። ዳቦ መካፈል ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን ልጅ ከልጅ ጋር የሚዋደደው ጥፋት ተካፍሎ አብሮ ሲክድ ነው። ይሄንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እናንተም እኮ ልጅ ነበራችሁ። ታዲያ ብዕር ስትይዙ ማን ነው የሚለውጣችሁ?

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። አያቶቻችን እንደዚህ አልነበሩም። "ተረት ተረት" ሲሉ "የላም በረት" ብለን ተሰብስበን የሰማነውን አስታውሱ። እመት ጦጢት ስንት ጊዜ ሰርቃ፣ ስንት ጊዜ ዋሽታ፣ አያ ጅቦን ስንት ጉድጓድ ውስጥ ከታ ሄዳለች? አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ዛፏ ላይ ወጥታ ትስቅበታለች፣ እኛም አብረናት እንስቃለን፣ ያኔ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባልና ወደ መኝታ። ስንዝሮስ? ስንዝር የማታክል ቁመት ይዞ ትልልቁን ሁሉ ሲያሞኝ ነው የሚኖረው። የአህያዋንም ታውቃላችሁ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ ተሰበሰቡ። አንበሳው በሬ መብላቱን ተናገረ፣ "ይሄማ ኃጢአት አይደለም" ተባለ። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡም የራሱን፣ "ምን አላት" ተባሉ። አህያ "ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሳር ነጨሁ" አለች። "አንቺ ነሽ ለካ ያጠፋሽን!" ብለው በሏት። አለቀ። አያቴ ይሄን ተርካልን ስትጨርስ ማንም ምን ተማራችሁ አላለንም። ያወቅነውን አውቀን ተኛን። ስናድግና መሥሪያ ቤት ስንቀጠር ገባን።

ማሞ ቂሎን ደግሞ እዩት። እኔ በሰማሁት እናቱ ሥራ ላከችው፣ በደመወዙ ሳንቲም ሰጡት፣ እየወረወረ ሲቀልብ ጣለው። "ኪስህ አትከተውም ነበር?" አለችው። በማግሥቱ ወተት ሰጡት። ኪሱ ውስጥ ገለበጠው። "ሞኝ፣ ራስህ ላይ አትሸከመውም ነበር?" በሚቀጥለው ቀን የሚሰጡትን እናንተ ገምቱ፣ እስኪያልቅ ድረስ አህያ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መንደር ለመንደር ይዞራል። የማሞ ጥፋት አለመታዘዝ አይደለም እኮ፣ ጥፋቱ መታዘዝ ነው! የታዘዘውን አንድ ቀን አዘግይቶ ልክ እንደተባለው ማድረጉ ነው የሚያስቀው። ታዛዥነት ላይ ከዚህ የበለጠ ቀልድ ማን ጻፈ?

ለዚያም ነው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለልጆች መጽሐፍ ላሳትም ብለው ሲነሱ ይሄንኑ ማሞን መምረጣቸው ደስ የሚለኝ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙት። ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የምትጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት። ማሞ አህያ ተሸከመ፣ አህያዋ ደግሞ መጽሐፍ ጎተተች። ይሄ እንዴት ደስ ይላል!

ተረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወረቀት ሲገባ አንድ ነገር ይሆናል። ጦጢት ትታሰራለች። አያ ጅቦ ይመከራል። ከታች "ስለዚህ ልጆች" ትጨመራለች። እነዚህ ሁለት ቃላት ስንት ሳቅ እንደገደሉ!

ትልቅ ሰው ሲሆን እኮ ረባሽ እንወዳለን። አለቃ ገብረ ሐናን አንድም ቀን ሳይጠቅስ የሚዋል ድግስ የለም። ሊቅ ናቸው፣ የተክሌ አቋቋም ምንጭ እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል፣ ምላሳቸው ግን ባላባትም ባልቴትም አይምርም። ሊቅነቱና ተንኮሉ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ማንም "አለቃ በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቁ" ብሎ አልጨረሰውም። እሳቸውም ሰባት ዓመት ልጅ የነበሩበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው የኔታን ምን ያደርጓቸው ነበር? ይሄንን የሚጽፍልኝ ሰው ካለ መጽሐፉን በቅድሚያ ክፍያ እገዛለሁ።

"ልጅ ያበላሻል" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እናንተ ባትሉም ወላጅ ይላል፣ መምህር ይላል፣ ያኔ መጽሐፉ አይሸጥም። ይሄ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ኸርሲ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ላይፍ መጽሔት ላይ ልክ እንደ እኔ አማርሮ ነበር። የማንበቢያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ያሉት ልጆች ከልክ በላይ ጨዋ፣ ከልክ በላይ ንጹሕ ናቸው፣ ልጆቻችን ማንበብ የሚጠሉት ለዚህ ነው አለ። አንድ አሳታሚ ይሄን ይዞ ዶክተር ሱስ ለተባለው ጸሐፊና ሰዓሊ ጥቂት ቀላል ቃላት ብቻ ተጠቅመህ ልጅ የማያስቀምጠው መጽሐፍ ጻፍ አለው። በ1957 ወጣ። 236 የተለያዩ ቃላት ብቻ ነው ያለው። እናት የለችም፣ ውጭ ይዘንባል፣ ሁለት ልጆች መስኮት ላይ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣ ያደረገ ድመት ገብቶ ቤቱን ምስቅልቅሉን ያወጣዋል። እናትየው ከመድረሷ በፊት ይጸዳል። መጨረሻው ላይ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ይልቅ ተራኪው ልጅ ወደ አንባቢው ዞሮ፣ እናትህ ብትጠይቅህ አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር ይለዋል። ይሄንን ለልጄ እየተረጎምኩ ሳነብለት በከረሜላው ውርርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍኩ። በዚያ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እህቱ "እነግራት ነበር" አለች፣ እሱ "እኔማ አልናገርም" አለ፣ ከዚያ ሁለቱም እያዩኝ ሳቁ። ከእኔ የደበቁት ነገር እንዳለ ያወቅኩት በዚያ ነው።

ስዊድናዊቷ አስትሪድ ሊንድግሬንም አለች። በ1941 ልጇ ታማ ተኝታ "ስለ ፒፒ አውሪልኝ" አለቻት፣ ስሙን የፈጠረችው ልጅቷ ራሷ ነች። እናትየው አወራች። ፒፒ ብቻዋን የምትኖር፣ ፈረስ አንስታ የምትሸከም፣ ለማንም የማትታዘዝ ልጅ ሆነች። ጽፋ ለአንድ ትልቅ አሳታሚ ላከችው፣ መለሱባት። ሌላ አሳታሚ በ1945 አወጣው። በጊዜው ልጅ ያበላሻል ያሉ ነበሩ። ዛሬ ፒፒ ከሰባ በላይ ቋንቋ ትናገራለች። ያ መጀመሪያ የመለሰው አሳታሚ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። እናንተም መሳቢያችሁ ውስጥ የመለሳችሁት ረባሽ ካለ እባካችሁ ፈልጉት።

እኛ ደግሞ ከእነሱ የሚበልጥ መጫወቻ አለን። እነሱ በ236 ቃል ተዝናኑ፣ የእኛ ልጅ ቃል ሳይደርስ ገና 231 ፊደል ይጠብቀዋል፣ ከ"ሀ" እስከ "ፖ" ድረስ ሰባት ሰባት እያለ። ይሄን ያህል የለፋ ልጅ ሽልማቱ ምን ሆነ? አበበ በሶ በላ። ፊደሉን ለማስተማር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምናስታውሰው ጫላን ነው፣ ጩቤ ስለጨበጠ! ለምን ጨበጠ? ማን ላይ? በሶውን ስላልሰጠው ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘሁም። አንድ ሰው አበበንና ጫላን ጓደኛ አድርጎ ያንን በሶ ማን እንደጨረሰው ቢጽፍልን እኮ በአንድ ቀን ያልቃል።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። ለጀማሪ አንባቢ መከራ ነው፣ ለቀልድ ግን ወርቅ ነው። "ጅቡ ይበላል" ብላችሁ ጻፉ። ልጄ አላልቶ ያነበዋል፣ ጅቡ በላተኛ ነው። እህቱ አጥብቃ ታነበዋለች፣ ጅቡ ራሱ ምግብ ሆነ። አንዷ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ታሪክ። አሁን ይሄንን የምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉትና አያ ጅቦ ሊበላ ሲገባ፣ ጦጢት አስተናጋጅ ሆና "ምን ተብሎ ነው የተነበበው ጌታዬ?" ስትለው አስቡት። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ይሄን ያሰብኩት ልብስ ሳጥብ ነው። እናንተ ብትቀመጡበት የት ይደርሳል?

እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች፣ በነጻ። ልጆቹ በወላጅ ጉተታ ነው የሚመጡት፣ ግማሹ ከእንቅልፉ በደንብ አልነቃም። ከዚህ የላኩላትን መጽሐፍ ስታነብላቸው አንዱ ልጅ በእንግሊዝኛ "አማርኛ ሁልጊዜ የሚቆጣ ቋንቋ ነው?" ብሎ ጠየቃት። እኔ ይሄን ስሰማ ልቤ ነው ያዘነው። ልጁ ምን ያድርግ? ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚሰማው "ተው"፣ "ቁጭ በል"፣ "ጫማህን አውልቅ" ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ ይሄንኑ በሥዕል አድርጎ መጣለት። የ"ይበላል"ን ነገር በስልክ ነገርኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳ ላይ ጻፈችላቸው። "አስተማሪዋ ይበላል" ሊል የፈለገ ልጅ "ትበላለች" ማለት እንዳለበት ማንም ሳያርመው ራሱ ደረሰበት፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የማይበላ ሰው አልቀረም።

ሥዕሉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። እባካችሁ የእኛን ልጆች ሳሉልን። ከኢንተርኔት የተለቀመ ሸሚዝ የለበሰ ባለ ወርቃማ ጸጉር ልጅ "ማሙሽ" ሲባል ይጨንቃል።

ሴቶቹስ? ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ብያችኋለሁ። መጽሐፎቻችሁ ውስጥ ሴት ልጅ ውሃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ ካጠፋች ደግሞ ጥፋቷ መስታወት ማየት ነው። ረባሽነት እንኳን ለወንዶች ተሰጥቷል! ቸርኬው ያለበት ግቢ ውስጥ ከሦስታችን ሁለታችን ሴቶች ነበርን፣ ሰውዬውን ያግባባችውም ሴት ናት። የእኔዋ ልጅ ባለፈው እንቁጣጣሽ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? አንድ የአበባ ሥዕል ሳለች። አንድ ብቻ። አክስቷ ቤት ሄዳ ሰጠችና ብር ተቀበለች። ከዚያ "እዚህ ጋ ቀለሟ ለቋል፣ አስተካክዬ ላምጣልሽ" ብላ መልሳ ወሰደችውና ለሚቀጥለው ቤት ሰጠችው። በዚህ ዓይነት አምስት ቤት አዳረሰችው። ከጓደኛዋ ጋር ነው፣ ጓደኛዋ በር ላይ ቆማ "ቶሎ በይ፣ ሌላ ቦታ እንጠበቃለን" ትላለች። እኔ ተቆጣሁ፣ እናት ስለሆንኩ ግድ ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ይሄ መጽሐፍ የማይሆነው ለምንድነው?

ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትን አስቡ። አንድ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ማታ ሲቆጠር ሁልጊዜ ይጎድላል። ማን ወሰደ? ምርመራው፣ መሐላው፣ ሙልሙሉ ላይ የሚደረገው ድርድር፣ ጅራፉን የሰበረው ልጅ ከድርሻው ይቀነስበት አይቀነስበት የሚለው ክርክር፣ በመሃል ታናሽ ወንድም "እኔ አይቻለሁ" ብሎ ሊናገር ሲል ከረሜላ አፉ ውስጥ የሚወሸቅበት። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሰልፎ ሲውል፣ የማይወዱትን ጎረቤት ጀሪካን ወደ ኋላ እየገፉ የሚያስረዝሙት ልጆች አሉ፣ የእኛ ብሎክ ውስጥ ናቸው፣ አንደኛውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ አሁን ጎኔ ተቀምጧል። የረባሽ ስም የሚጽፈው የክፍል አለቃስ? ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይቆምና ያኮረፈውን ሁሉ ይጽፋል፣ የጓደኛውን ስም ይጽፋል፣ ጓደኛው ማስቲካ ያሳየዋል፣ ያጠፋዋል፣ ማስቲካው ሲያልቅ እንደገና ይጽፈዋል። ይሄ ስለ ሥልጣን የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ ነው፣ ለስምንት ዓመት ልጅ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ለአርባ ምናምን ዓመት በቴሌቪዥን ልጆችን ሲያጫውቱ ኖሩ። ከዚያ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፣ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ጊዜ ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባህሪ ይጫወቱ እንደነበር ይታወቃል። ለዚህ ይመስለኛል ልጆች ፊት ሲቀርቡ መሳቅ የማያሳፍራቸው። ኩርሲያቸው ላይ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ሲለዋውጡ፣ በምትሐት ዕቃ ሲያጠፉ፣ እኛ ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር። ምክራቸውን ረስቼዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ድምፃቸውን አልረሳሁም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። የመጨረሻዋን ገጽ ተዉልን። አንድ ልጅ፣ ብትፈልጉ ሁለት ጓደኛሞች፣ ያጥፉ፣ ይደበቁ፣ ይያዙ ወይም አይያዙ፣ ይጣሉ፣ ይኳረፉ፣ በአንድ ብይ ይታረቁ። ስማቸው ልጆች በጨዋታ ላይ የሚጠሩት ዓይነት ይሁን። ቢቀጡም ይቀጡ፣ እኔም ግቢ ጠርጌያለሁ፣ ግን ሲጠርጉ ይሳቁ። ስሕተት ከሆነ ልጆቻችን ራሳቸው ያዩታል፣ ከእኛ በፊት ያዩታል፣ ባያዩት ኖሮማ ገጽ ሁለት ላይ መጨረሻውን አይነግሩኝም ነበር።

ይሄን ስጽፍ ልጄ ከትከሻዬ በላይ ሲያነብ ነበር። "እማዬ፣ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ አይደል?" አለኝ።

አልጠይቅም አልኩት። ከረሜላዬን አምጣ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የቀድሞ ረባሽ፣ የሁለት ረባሾች እናት

ግልባጭ፦
ለእመት ጦጢት፣ ዛፍ ላይ
ለአምስተኛ ክፍል ጓደኞቼ
ለሎተሪ አዟሪው አጎቴ
ባሉበት